ሆሳዕናን የት ነበረች

«ሆሳዕናን ከነበረችማ ምንም አይደል፤ ካልነበረች ግን እንዲያው ያለ ፍትሐት ነው አፈር የገባችው» የሚለውን ዕፀገነት የሰማችው ሽንት ቤት ቆማ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሽንት ቤቱም የወጥ ቤቱም መስኮት የሚከፈተው ወደ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚታማ ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ሐሜቱን ጥርት አድርጎ መስማት ይችላል። የተናገሩት አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ የሺአረግ ናቸው፤ ከረቡዕ ጀምሮ የእድሩን ሳህን የሚያጥቡትም ንፍሮውን የሚቀቅሉትም እሳቸው ናቸው። «እናቷኮ ሄዳ ነበር ነው የሚሉት» አለች አብራቸው የምታጥበው ሴት። «እናትማ ምን ትበል? እኔ ከሌሊት ጀምሬ ሚካኤል ነበርኩ፤ የልጅቷን ጥላዋን አላየሁ» አሉና ሳህን በሳህን ላይ ደራረቡ። ዕፀገነት ቧንቧውን ቀስ ብላ ዘጋች። መስማቷ እንዳይታወቅባት ፊቷን ሳታደርቅ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ሳያስፈልግ ውሃ ለቀቀችና በሩን ድምፅ እያሰማች ከፍታ ወጣች።

እህቷ ሊድያ የሞተችው ማክሰኞ ሌሊት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረባት፤ መድኃኒቷን እየዋጠች፣ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ስልክ የምታይ መስላ እያረፈች ሃያ ሦስት ዓመት ኖረች። ረቡዕ ጠዋት እናቷ ምንትዋብ ልትቀሰቅሳት ገብታ ቀዝቅዛ አገኘቻት፤ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረች። ሳምንቱ ሕማማት ነው። በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ማን እንደሚሞት አይታወቅምና አስቀድሞ በሆሳዕና፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕዝቡ ሁሉ በቁሙ ይፈታለታል። ቀብሩ ላይ የንስሐ አባታቸው ምንትዋብን «ሆሳዕናን ከነበረች ፍትሐቷን በቁሟ ወስዳለች፣ አይዞሽ» አሏት። ምንትዋብ ወደ ትልቋ ልጇ ዞር ብላ «ሄዳ ነበር አይደል? ጠዋት አብራችሁ ነው የወጣችሁት» ስትል ዕፀገነት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ አፈሩ እየተመለሰ ነበር። «ሄዳ ነበር። ሱቁን እኔ ይዤላት ሄደች» አለች። የእናቷ ትከሻ ረገብ ሲል አየች። ውሸቱ ያን ጊዜ ራስ ምታት ለያዘው ሰው ኪኒን ከመስጠት የከፋ አልመሰላትም።

እውነቱ ሌላ ነው። ሆሳዕና እሑድ ለልብስ ነጋዴ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ ዕፀገነት ደግሞ ጎሮ አስፋልት ዳር የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እሑድ ጠዋት ሊድያ ነጠላዋን አጣፍታ የሱቁ በር ላይ ቆማ «ሁለት ሰዓት ብቻ። አስቀድሼ፣ ዘንባባዬን ይዤ ከተፍ ነው» አለቻት። ዕፀገነት መርካቶ ሄዳ ያለቀባትን ቁጥር ማምጣት ነበረባት። ለሁለት ሰዓት ብትዘጋው ሱቁ አይሞትም ነበር፤ ግን ቸኩላለች፣ ስትቸኩል ደግሞ አፏ ስለት ነው። «ኢየሱስ አንቺ ባትኖሪም ኢየሩሳሌም ይገባል» አለቻት። «ሱቁ ግን አንቺ ካልከፈትሽው አይከፈትም።» ሊድያ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን መብረቅ ይመታሻል» ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከረቡዕ ወዲህ ዕፀገነት ያንን ሳቅ ስንቴ እንደሰማችው አታውቅም። ፍትሐት ነፍስን የት ያደርሳል፣ የት ያስቀራል ብላ በሕይወቷ አስባ አታውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለችም እንዲህ ዓይነቱን ክርክር ጀምረው የሚያመሹትን ትታ የምትተኛ ሰው ናት። እናቷ ግን ሌላ የምታስበው ነገር የላትም። ምንትዋብ ልጇ አሁን የት እንዳለች ማወቅ ትፈልጋለች፤ መልሱን የያዘችው ደግሞ ዕፀገነት ብቻ ናት።

«ነገ ፋሲካ ነው» ተብሎ እድሩ ድንኳኑን ቅዳሜ ማለዳ አነሳው። አጎቷ ጋሽ ብርሃኑ በረንዳ ላይ ቆመው ሲነሳ አዩና «ሕዝቡም በዓሉን ይዋልበት እንጂ፣ ምን ይደረግ» አሉ። ምሰሶዎቹ ከተነቀሉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የብሎኩ ሰዎች የቅርጫቸውን በሬ አምጥተው እዚያው ሣሩ ላይ አሰሩት። አራት ሰዓት ገደማ ካህኑ ደወል እያስደወሉ ቄጤማ ይዘው መጡ፤ ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸው ላይ አረንጓዴውን አሰሩት። ምንትዋብም አሰረች። ሳሎን መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍላ እህል አልቀመሰችም፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፊት ለፊቷ የሊድያ ሻንጣ ተከፍቷል። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ኪሶቹን ሁሉ ፈትሻ፣ መልሳ አጥፋቸዋለች። ለቀስተኛው ሳስቷል፤ የመጡትም በሕማማት መጨባበጥ ስለሌለ እጃቸውን ሳይዘረጉ ከሩቅ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጡና ትንሽ ቆይተው ስለ ዶሮ ዋጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ገብቷል። ጉድ ነው። ያውም ለቄብ።

«ዘንባባዋ የለም» አለች ምንትዋብ ድንገት።

ዕፀገነት ከሻንጣው አጠገብ የወደቀ ሸሚዝ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

«ቦርሳዋም ውስጥ የለም። መቼም አትጥለውም፤ ሱቅ ይሆናል ያስቀመጠችው። ሂጂ አምጪልኝ።»

«እማ፣ አሁን ዘንባባ ምን ያደርግልሻል?»

«ይዛው የቆመችውን እይዘዋለሁ» አለች እናቷ። «ሌላ ምን ልያዝ?»

ጋሽ ብርሃኑ «ልጅቷ ደክሟታል፣ ሌላ ሰው ይላክ» ሲሉ ምንትዋብ ራሷን ነቀነቀች። «እሷ ታውቀዋለች» አለች። ወጥ ቤት የነበሩት እትዬ የሺአረግ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ዕፀገነትን ትክ ብለው አዩዋት። ዕፀገነት ቁልፏን አንስታ ወጣች።

ደረጃው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ በየፎቁ በር ተከፍቶ ቁሌት ይበስላል። ዋናው መንገድ ላይ በእግራቸው የተንጠለጠሉ ዶሮዎች፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቄጤማ ያሰሩ ጎረምሶች፣ የዋጋ ቅናሽ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ ሱቅ። ዘንባባ ግን ያለፈው እሑድ ነገር ነው። እሑድ ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ በር ተከምሮ የነበረው ሁሉ የት እንደሚገባ አስባ አታውቅም ነበር። ከሚካኤል ደጅ ካሉ ጧፍ ሻጮች አንዷን ጠየቀች፤ ሴትየዋ ቄጤማ የያዘ እጇን ዘርግታ «ዛሬኮ ይኼ ነው የኔ እናት፣ ሳምንት ተሳሳትሽ?» አለቻት። እርጥብም ቢገኝ አይሆንም። የሚያስፈልጋት የደረቀ፣ ስድስት ቀን የሞላው፣ በሰው እጅ የታሸ ዘንባባ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ፍለጋ እንደወጣች ሰው ግራ ቀኝ እያየች ቆመች፤ እዚህ ደረጃ ላይ መድረሷ ሲገባት ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር ሊመጣ ሲል ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ያገኘችውም እዚያው ነው። ከሹፌሩ ፊት፣ መስተዋቱ ላይ፣ በመስቀል ቅርጽ የተጠለፈ ዘንባባ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ዕፀገነት ጋቢና አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ ሁለት ፌርማታ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ያንን ዘንባባ ትሰጠኛለህ?» አለች።

ሹፌሩ በመስተዋቱ አያት። ረዳቱ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ ቀደመው፦ «እህት፣ ጎማውንም እንፍታልሽ?» ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «መሪውን ጠይቂው፣ ለበዓል ይሆንሻል» አለ። ረዳቱ ለተጨማሪ ቀልድ አፉን ሲከፍት ጥቁር ልብሷን አየና የያዘውን ብር መቁጠር ጀመረ። ከዚያ በኋላ እስከ ጎሮ የሬዲዮው የዘይት ማስታወቂያ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ ቀረች። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ዞረ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ታናሽ እህቴ።»

«እግዜር ያጥናሽ። የኔ ዘንባባ ምን ያደርግላታል ታዲያ?»

ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። «ለእናቴ ነው። የእሷ ነው ልላት ነው» አለች።

ሹፌሩ መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት አየ። ነገሩ ደስ እንዳላለው ያስታውቃል። ረዳቱ ከበሩ ላይ «ስጣት በቃ፣ ወረፋ እያለፈን ነው» ሲለው ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሳያያት ወደ ኋላ ዘረጋላት። «እኔ አልሰጠሁሽም» አለ። «ወድቆ ነው ያገኘሽው።»

ዘንባባውን ይዛ መመለስ ትችል ነበር። ነገር ግን እናቷ ነጠላውንም ትጠይቃለች፤ ሊድያ ሰኞ ዕለት ብርድ ነው ብላ ለብሳው ውላ ሱቅ ውስጥ ሰቅላው እንደሄደች ትዝ አላት። የሱቁን ብረት በር ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍ አድርጋ ጎንበስ ብላ ገባች። ትናንሽ ሱሪዎች፣ ጥልፍ ያላቸው ቀሚሶች፣ የአንድ ዓመት ልጅ ከረባት። ሁሉም እንደተሰቀለ ነው። መደርደሪያው ላይ ሊድያ የጠጣችበት የውሃ ኮዳ ግማሹን ይዞ ቆሟል። ነጠላውን ከምስማሩ ስታወርድ ከጎን ያለችው የኮስሞቲክስ ሱቅ ባለቤት ሃረገወይን ከበሩ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። ቀብር ላይ መጥታ ነበር፤ እንደገና አለቀሰች። ዓይኗን ስትጠርግ ዕፀገነት እጅ ላይ ያለውን አየችው።

«የሊዱ ነው?» አለች።

«አዎ» አለች ዕፀገነት። አሁን ከአፏ በቀላሉ ይወጣል።

«አይ ሊዱ! ለካ በዚያውም ተሳልማ ነበር? ለነገሩ ያን ቀን ጠዋት ዘግታ ስትሄድ አይቻታለሁ።»

ዕፀገነት ነጠላውን እንደያዘች ቆመች። «የቱን ቀን?»

«እሑድ ነዋ። አንቺ መርካቶ እንደሄድሽ። ሦስት ሰዓት ላይ ይሆናል።»

ለጥቂት ጊዜ፣ አንድ ሰው እስትንፋሱን ስቦ እስኪያወጣ ለሚሆን ጊዜ፣ ዕፀገነት አማኝ ሆነች። ሄዳለች። ቀልዱን ስቃበት፣ እሺ ብላ፣ ዞር ስትልላት በሩን ዘግታ ሄዳለች፤ ቆማ አስቀድሳለች፣ በቁሟ ተፈትቶላታል፤ እናቷ ፊት የተነገረው ነገር ሳይታወቅ እውነት ሆኗል። «ሚካኤል ነው የሄደችው?» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ።

ሃረገወይን ግራ ገብቷት አየቻት። «ቤተ ክርስቲያንማ አላለችኝም» አለች። «ማዶ ክሊኒኩ ነው የሄደችው። ትንፋሽ አጠረኝ ብላ። አልነገረችሽም እንዴ?» የዕፀገነትን ፊት አይታ እየፈራች ቀጠለች። «ዛሬውኑ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ ብለው ወረቀት ጻፉላት። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ ከፈተች። ሂጂ አልኳት፣ ማርያምን ሂጂ አልኳት ገኒ። እንዳልነግርሽ አስማለችኝ። ፋሲካ ይለፍ፣ አሁን ብነግራት ገበያው ላይ ትቆጣኛለች፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ በጠዋት እሄዳለሁ አለችኝ። ደህና ትመስል ነበር። ከሰዓት ስትስቅ ነው የዋለችው።»

ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ፣ ከደረሰኞቹ ሥር ነበር። የሆሳዕና ቀን ተጽፎበታል። የሐኪም ጽሕፈት የማይነበብ ቢሆንም ከላይ «በአስቸኳይ» የሚለው ግልጽ ነው፤ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ሃረገወይን «እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ምን አውቄ» እያለች ነው። ዕፀገነት «አንቺ ምን አደረግሽ» አለቻት፤ ልታጽናናት ፈልጋ አይደለም፣ እውነትም ስለሆነ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች፤ ነጠላውንና ዘንባባውን ይዛ በሩን ዘጋች፤ ዶሮ የተሸከመ ሰው ትከሻዋን መትቷት ሲያልፍ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እስከ ሰሚት በእግሯ ሄደች። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግማሹም ተቆፍሯል። በመንገድ ላይ ወሰነች። ሁለቱንም ትነግራታለች። ቀለል ያለውን አስቀድማ፣ ቤተ ክርስቲያን አለመሄዷን፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ እናቷ ጉልበት ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላሰበችም፤ የምትፈልገው አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ በስሟ ጠርቶ እንዲረግማት ብቻ ነበር።

ስትገባ ጋሽ ብርሃኑ የሉም፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እትዬ የሺአረግ ብቻ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ያጥባሉ። ምንትዋብ ዘንባባውን በሁለት እጇ ተቀበለችው። አሸተተችው። ጉንጯ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ፊቷ ከረቡዕ ጀምሮ ያልነበረው ቀለም ነበረው። ከፍራሹ ላይ ለመነሳት እጇን ዘረጋች፤ ዕፀገነት ልትደግፋት ስትጠጋ ግን አልተነሳችም። የልጇን አንገት ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት።

«አንቺ ነሽ» አለቻት በጆሮዋ። «ያን ሁሉ ገበያ ትተሽ፣ ሂጂ ብለሽ የላክሻት። አንቺ ባትኖሪ ልጄ እንዲሁ ሜዳ ላይ ትቀር ነበር። እግዜር ልጅ ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጥሽ።»

ዕፀገነት ራሷን አስለቀቀች። «እማ» አለች። «አልሄደችም።»

ምንትዋብ ዘንባባውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሚካኤል አልሄደችም። ሱቅ ነበረች። ልሂድ ስትለኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይኼንንም ከሰው ነው ለምኜ ያመጣሁት። ሌላም አለ፣ ስሚኝ—»

ወጥ ቤት ውስጥ የብርጭቆው ድምፅ ቆመ። ከታች፣ ግቢው ውስጥ፣ ሰዎች ስለ በሬው ዕድሜ ይከራከራሉ፤ አንዱ «ጥርሱን እዩት» ይላል። እናቷ አየቻት። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አይደለም፤ በደንብ የምታውቀውን ሰው ነበር የምታየው። ዕፀገነት እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች፤ ወረቀቱ በጣቷ ተነካ። ምንትዋብ የእጇን አንጓ ያዘችው። እህል ያልቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ጥፍሮቿ ቆዳ ውስጥ ገቡ። እንዲሁ እንደተያያዙ በሩ ተንኳኳና አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ አለም የሚባሉ፣ የምንትዋብ የድሮ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ናቸው። አልሰማሁም ነበር፣ ዛሬ ነው የነገሩኝ፣ ይቺን የመሰለች ልጅ፣ ያውም በሕማማት፣ ያውም ያለ... ብለው እዚያ ላይ ራሳቸውን ገቱ።

«ሆሳዕናን ቆማ አስቀድሳ ነው የሞተችው» አለች ምንትዋብ፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። «ፍትሐቷን በቁሟ ወስዳ። የላከቻት እህቷ ናት፣ ይቺውልሽ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረች። «አይደለም እንዴ የሺአረግ? አንቺ ሚካኤል አልነበርሽም?»

እትዬ የሺአረግ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ እናትየዋን፣ ቀጥሎ ልጅቷን፣ ቀጥሎ የተያያዘውን እጅ አዩ።

«እንዴታ» አሉ። «ከኋላዬ አልነበረች የቆመችው። ነጠላዋን አጣፍታ። እንዴት ያለ ደም ግባት፣ ዓይኔ ላይ አለች።»

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ አለም፤ እንባቸው ወረደ። ዕፀገነት ፊት ቆመው፣ ቀኑ ባይፈቅድም፣ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ታድለሻል የኔ ልጅ። ለእህት ከዚህ የበለጠ ምን ይደረጋል? ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ።»

ዕፀገነት አፏን ከፈተች። እጇን የያዘው እጅ ጠበቀ።

«አሜን በያቸው እንጂ» አለች እናቷ።

«አሜን» አለች።